በምራቴ ገጽ ላይ ያነበብኩት

ምራቴ ወረቀት ስታራግብ እጆቿን ማየት እወዳለሁ። ጥቅሉን ፕሪንተሩ ውስጥ ከመክተቷ በፊት በሁለት እጇ ይዛ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ታጎብጠዋለች፤ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ፍርርር ታደርገዋለች፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በቁሙ ጠብ ጠብ እያደረገች ታስተካክለዋለች። እርጥበት ያጣበቀው ወረቀት ሁለት ሁለት ሆኖ ይገባና ማሽኑ ያኝከዋል ትላለች። ይህን ስታደርግ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አይደለም፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰው ላይ ነው። ሰውየው ጉዳዩን ከየት እንደሚጀምር ጨንቆት ሲያቅማማ፣ እሷ ወረቀቷን እያራገበች ጊዜ ትሰጠዋለች።

ሥራዋ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ሱቋ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በመድኃኒት ቤትና በጫማ ጠጋኝ መካከል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ለባለጉዳይ አንድ ወንበር፣ ምሳ ይዤላት ስሄድ ለምቀመጠው ለእኔ ደግሞ በሩ ጥግ አንድ በርጩማ። ዝውውር የሚጠይቅ መምህር፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ዘበኛ፣ ከወንድሙ ጋር የተኳረፈ ነጋዴ፣ ሁሉም እዚያች ወንበር ላይ ይቀመጣል። ግማሽ ሰዓት ያወራውን እሷ ስድስት መስመር ታደርግለታለች። ሲነበብለት ብዙው ሰው «እንዲህ ነበር ማለት የፈለግኩት» ይላል።

ሰው የሚመጣላት ግን ቃል ስለምታሳምር ብቻ አይደለም፤ ወሬ ስለማይወጣት ነው። የሰፈሩ ሰው «ጉድጓድ» ይላታል፤ የጣሉባት አይወጣም ለማለት ነው። ስሙ ባያምርም እሷ ትወደው ነበር። ባሏ፣ ማለትም ልጄ፣ «ዛሬ ማን መጣ?» ብሎ ሲጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ «ሰው» ነው። ከዚህ በላይ ተናግራ አታውቅም።

«በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ የሰው ጉዳይ አያድርም» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። አንድ የማመልከቻ ናሙና አላት፤ ከላይ «ለ» የሚል፣ ከሥሩ «ጉዳዩ» የሚል፣ ከታች «ከሰላምታ ጋር» የሚል ብቻ ያለበት። «እናቲቱ» ብላ ትጠራዋለች። ባለጉዳይ ሲመጣ እናቲቱን ትከፍታለች፣ ባዶውን በሰውየው ጉዳይ ትሞላለች፣ ታትማለች። ስትዘጋው ኮምፒውተሩ የጻፍሽውን ላስቀምጠው ወይ ብሎ ይጠይቃታል፤ «አይ» የሚለውን ትጫናለች። እናቲቱ ተመልሳ ባዶ ትሆናለች። ሰውየው ምስጢሩን በወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ እዚያ የሚቀር ነገር የለም። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርታለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ያ መጻፊያ ፕሮግራም አልሠራም አለ። ለካ ከድሮም ሳይገዛ የተገለበጠ ኖሯል፤ ፈቃድ አምጪ የሚል ቀይ ጽሑፍ እያወጣ አላስነካ አላት። ኮምፒውተር ጠጋኙ እኔ ምሳ ይዤ በሄድኩበት ሰዓት መጥቶ አየውና ሳቀ።

«እትዬ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? አሁን እኮ ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚሠራበት አለ። መጫን የለ፣ ፈቃድ የለ። መብራት ድርግም ቢል እንኳ የጻፉት አይጠፋም፤ ራሱ እያስቀመጠ ነው የሚሄደው።»

መብራት ስንት ጊዜ ሙሉ ጽሑፍ በልቶባታልና ደስ አላት። ጠጋኙ እናቲቱን ወደ አዲሱ ቦታ አዛወረላት። ገጹን ወደ ሌላ ሰው ስልክ መላክ እንደሚቻልም ሊያሳያት ፈለገ፤ የማን ስልክ ላይ እንሞክር ሲል ምራቴ ወደኔ ዞረች። «እማማ፣ ስልክዎን ይስጡኝማ።» ላከችልኝ። እናቲቱ በእኔ አሮጌ ስልክ ላይ ወጣች። «ይቺን እያነበቡ ይለማመዱ» አለችኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ያስቆጠረችኝም እሷው ናት፤ ባለጉዳይ በሌለ ሰዓት፣ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በትልልቁ እየጻፈች። አንድ ቀን እንኳ «ትናንት ነግሬዎት አልነበር?» ብላኝ አታውቅም።

ወደኔ የላከችው የገጹን ቅጂ ሳይሆን ገጹን ራሱን እንደነበር ጠጋኙ አላስረዳትም፤ እሷም አልጠየቀችም። አዲሱ ቦታ ላስቀምጠው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነገር የለውም። ምራቴ ጥያቄው ሲቀር አንድ ሥራ ቀነሰልኝ አለች። በማግስቱ እናቲቱን ስትከፍት የትናንቱ ሰው ጽሑፍ እዚያው ጠበቃት፤ አጠፋችውና የዛሬውን ጻፈችበት። ከእሷ ሌላ የሚያየው ያለ አልመሰላትም። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው።

እኔ ቤት ተቀምጬ ስልኩን ስከፍት ትናንት ባዶ የነበረው ገጽ ላይ ጽሑፍ አለ። «ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ» ይላል። እያየሁት ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ የሚያመጣቸው አይታይም። አንዱ ቃል ይሳሳትና ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠፋል፤ ታርሞ ይመጣል። ሥራ ላይ ሆና እንኳ ሳትረሳኝ ትምህርት ላከችልኝ ብዬ ሆዴ ሞቀ። ጣቴን ከፊደሎቹ ሥር እየጎተትኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ልጁን ለመዳር አምስት ቀን የሚጠይቅ ዘበኛ ነበር። ጨርሼ ስልኩን «መልካም ጋብቻ» አልኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት መስሎኝ ነው። ይህን ሳልፈራ እጽፋለሁ። ሁለተኛውን ሳምንት ግን እንዲህ ብዬ መጻፍ አልችልም። በሁለተኛው ሳምንት ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖረው መምህር ማመልከቻ መጣ፤ ስሙ ከነአባቱ፣ ሚስቱ ሌላ ከተማ መሆኗ፣ ዝውውር ሲጠይቅ ይህ አራተኛው መሆኑ። ለትምህርት ተብሎ የጎረቤት ስም አይጻፍም። ገባኝ። ስልኩን ገለበጥኩት፣ ተነሥቼ ዕቃ አጠብኩ፣ እጄን አደረቅኩ፣ ተመልሼ አነሣሁትና እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ለምራቴ ያልነገርኳት፣ ብነግራት ትዘጋዋለች ብዬ ነው። መጽሐፍ ይከብደኛል፤ ሁለት ገጽ ሳልሄድ ዓይኔ ይደክማል። የሰው ጉዳይ ግን አይከብድም፤ ይጎትታል። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ከዚህኛው ይብስ አፍርበታለሁ። ስድሳ ዓመት ሙሉ የእኔን ወረቀት ሌላ ሰው ሲያነብልኝ ኖሬያለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ቆሜ፣ ጸሐፊው የእኔን ጉዳይ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብሎ ሲያነበው አንገቴን ደፍቻለሁ። አሁን ተራው የእኔ ሆነና የሌላውን ሳነብ ደስ አለኝ። እንዴት እንደሚያም የማውቀውን ነገር ነው ያደረግኩት።

በአምስተኛው ሳምንት የልብስ ሰፊዋ ማመልከቻ መጣ። ልብስ ሰፊዋ የተማሪ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት የምትሠራ፣ ከእኛ ሦስት ቤት አልፋ የምትኖር ሴት ናት። ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯታል። ከስፌት መኪናው ተነሥታ ልብስ ወደሚታጠፍበት ክፍል እንድትዛወር ነው የምትጠይቀው። ማመልከቻውን አጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ሐኪም መድኃኒት ሰጥቷታል፤ በሁለት ሳምንት እጇ ከረጋ ወረቀቱን ልትቀደው፣ ካልረጋ ልታስገባው። ድርጅቱ አዳዲስ የስፌት መኪናዎች አምጥቶ የሚቀመጡባቸውን ሠራተኞች ሊመርጥ ነውና እስከዚያ ማንም እንዲያውቅባት አልፈለገችም። ይህን ሁለት ሳምንት የመጠበቁን ነገር ለምራቴ በቃል ነግራታለች፤ ገጹ ላይ አልነበረም። እኔ ወረቀቱ የገባ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የዳቦ ሰልፍ ላይ አገኘኋት፤ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተሰልፋለች። ፊቷ ገርጥቷል። ቀኝ እጇን በሁለት እጄ ያዝኩና፣ «አይዞሽ ልጄ፤ እጅ ይደክማል፣ ያርፋል። ማጠፍም ሥራ ነው» አልኳት።

እጇን ሳብ አድርጋ ወሰደች። ባልደረቦቿ እርስ በርስ ተያዩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ግን አጽናናኋት ብዬ ዳቦዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ሱቅ መጣች። እኔ ምሳ ይዤ በርጩማዬ ላይ ነበርኩ። ምራቴ ቁጭ እንድትል ወንበሩን አሳየቻት።

«አልቀመጥም» አለች። «ዛሬ ጠዋት ኃላፊው መኪናዬን ለሌላ ሰጥቶ ማጠፍ ክፍል ላከኝ። ሳልጠይቀው። እጅሽ እንደታመመ ሰምቻለሁ አለኝ። እኔ ለባሌ ያልነገርኩትን ነው እዚህች ወንበር ላይ ለአንቺ የነገርኩሽ። አንቺ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም» አለች ምራቴ።

«እንግዲያው አማትሽ በሕልማቸው ነው ያዩት?»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ የሚባለው ለካ እውነት ነው። እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው አልኩ።

«እጄን አይተው ይሆናል እማማ» አለች ቀስ ብላ። «ማጠፍ ክፍል ልግባ ማለቴ ግን እጄ ላይ አልተጻፈም።» ከዚያ ወደ ምራቴ ዞረች። «ጉድጓድ ይሉሻል። ጉድጓዱ ለካ በጓሮ በኩል ቀዳዳ ነው።»

ከሄደች በኋላ ምራቴ ምሳውን አልነካችም። «ምናልባት ሳላውቀው ከአፌ አምልጦኝ ይሆን እማማ? ከእኔ ሰምተው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። ይህ አንዱ እውነት ነበር፤ የቀረውን ዋጥኩት። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ለሰው ምስጢር ነው፤ እኔ ለራሴ ጥፋት አደረግኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቁጭ ብዬ አየሁ። የቆሻሻ ቅርጫቱን ገልብጣ ወረቀት በወረቀት መረመረች፤ የተበላሸ ቅጂ ጥዬ ይሆናል ብላ። ልጄን «በእንቅልፍ ልቤ አወራለሁ ወይ?» ብላ ጠየቀችው፤ ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። ወሬው ተዛመተ። አንድ የድሮ ደንበኛ መጥቶ አጻፈና ፕሪንተሩ ጋ ቆሞ ጀርባውን ሰጥቷት ወረቀቱን ራሱ መዘዘ። ሌሎቹ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጽሑፍ ቤት መሄድ ጀመሩ። የሚሄዱት በሌላኛው ዳር ነበር፤ እንዳታያቸው። እሷ ግን ታያቸዋለች።

እኔ ስልኩን ለአራት ቀን አልከፈትኩም። በአምስተኛው ስከፍተው ገጹ ባዶ ነው። በስድስተኛውም ባዶ። ፊደል በመጣ እያልኩ ስጠብቅ ዋልኩ፤ ለማንበብ አይደለም፣ ሰው መጥቶላት እንደሆነ ለማወቅ።

በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ ፊደሎቹ መጡ። «ለውድ እህቴ፣ ለልብስ ሰፊዋ» ይላል። ቆመ። ጠፋ። እንደገና «ለእህቴ» አለ። «ጉዳዩ» የሚለውን ዘለለችው። ከዚያ ቀስ በቀስ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ነገሩ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። ግን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልነበረምና ጥፋቱ የእኔ ነው። ሃያ ዓመት የሰው ጉዳይ ጠብቄ» አለና ቆመ። «ሃያ ዓመት» የሚለው ተመልሶ ጠፋ። ስለራሷ መናገር አሳፍሯት ይመስለኛል።

ያላጠፋችውን ጥፋት ስትናዘዝ፣ ፊደል በፊደል፣ እጄ ላይ። ለሌላው ሰው ሁሉ ስድስት መስመር የማይፈጅባት ሴት ለራሷ አንድ መስመር አቃታት።

በቤት ጫማዬ ወጣሁ። ሱቅ ስደርስ ብቻዋን ናት፤ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ናቸው። ስልኩን እንደተከፈተ ከኮምፒውተሩ ጎን አስቀመጥኩት። እሷ የጻፈችው እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ከዚያ አንድ ፊደል ተጫነች። ስልኩም ላይ መጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ጠጋኙ ከመጣበት ቀን ጀምሮ።»

«ትምህርት መስሎዎት ነው አይደል?» አለችኝ።

የማምለጫ በር ከፍታ ሰጠችኝ። አዎ ብል ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር፤ አሮጊት ናት፣ አላወቀችም ይባል ነበር። ለአንድ አፍታ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«መጀመሪያ» አልኳት። «ከዚያ በኋላ አውቄ ነው።»

እጆቿን ከቁልፎቹ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «የሱቅ ማስታወቂያ ፈጠን ብለው ማንበብ የጀመሩት ለዚህ ኖሯል» አለች። «እኔ እኮ ለመጣው ሰው ሁሉ ስኮራብዎት ነበር።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀጥላ ያደረገችው እኔን መውቀስ አልነበረም። ብዕር አነሣችና ጠጋኙ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ያን ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ እያስታወሰች ጻፈች። ሠላሳ አራት ሆኑ። ሱቁን ዘግታ በየቤታቸውና በየሥራ ቦታቸው ሄዳ ለእያንዳንዳቸው ነገረቻቸው፤ ጽሑፋችሁ በሌላ ስልክ ላይ ይታይ ነበር፣ ገጹን ሳላጣራ የላክሁት እኔ ነኝ አለች። ያነበበችው አማቴ ናት ማለቱን ግን በእኔ ፈቃድ ላይ ተወችው፤ ተናገሪ አልኳት። አብሬሽ ልሂድ ስላት ለልብስ ሰፊዋ ብቻ ይምጡ አለችኝ። አንዳንዱ ተቆጣ። አንዷ ሴትዮ በር ዘጋችባት። መምህሩ ግን ስቆ፣ «አራት ጊዜ ጽፌ ማንም አላነበበልኝም ነበር፤ እንኳን አንድ ሰው አነበበው» አላት። ይህን ስትነግረኝ ፈገግ አለች፤ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ከመጣችበት ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር።

ልብስ ሰፊዋን በምሳ ሰዓት ድርጅቱ በር ላይ አገኘናት። ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችን። መኪናዋ ከተሰጠ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ማንም አይመልሰውም። መድኃኒቱም ሠርቶ ይሁን አይሁን አልነገረችንም፤ መጠየቅም አልደፈርኩም።

«ይቅርታዎ ለእኔ ምንም አይመልስልኝም እማማ» አለችኝ። «እሷን ግን ያለ ጥፋቷ ሰድቤያታለሁ፤ እሱ ይቆጨኛል። የተናገሩት ሰልፍ ላይ ነው። ሰልፍ ላይ ይመልሱት።»

በማግስቱ ሰልፉ ረዘም እስኪል ጠበቅኩና ተናገርኩ። ምራቴ ለማንም ትንፍሽ አላለችም፣ እኔ ነኝ ከስልኬ ላይ የሰው ደብዳቤ ያነበብኩት፣ እያወቅኩ ነው ያነበብኩት አልኩ። አንዱ ከኋላ፣ አማት ለምራቷ ጥፋት ስትሸከም ታይቶ አይታወቅም፣ ስለዚህ እውነት መሆን አለበት ብሎ ሰውን አሳቀ። አንዷ ደግሞ አሮጊቷ የልጃቸው ጎጆ እንዳይፈርስ ብለው ነው አለች። ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ፤ ዳቦው ደረሰና ወሬው ሳያልቅ ተበተነ።

ምራቴ ዛሬም የምትሠራው በዚያው በነጻው ገጽ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ገጽ ትከፍታለች፤ ከታተመ በኋላ ወንበሩን ወደሷ አስጠግቶ እንዲያይ ታደርገውና ዓይኑ እያየ ታጠፋዋለች፤ ከተጣለበት የኮምፒውተሩ ቅርጫት ውስጥም እንደገና። ከእኔ ስልክ ላይ ገጹን ያነሣችው ያን ዕለቱኑ ነው። ከሰዓት በኋላ ባለጉዳይ ሲጠፋ አሁንም ታስተምረኛለች፤ ከመጽሐፍ ነው የማነበው፣ በቀን አንድ ገጽ። ባለጉዳይ ሲመጣ ደግሞ ሳትነግረኝ ተነሥቼ እወጣለሁ። ከሄዱት ደንበኞች ግማሾቹ ተመልሰዋል። የቀሩት አሁንም በማዶው ዳር ያልፋሉ። ልብስ ሰፊዋ ስታልፍ ለምራቴ ለሰላምታ ራሷን ትነቀንቅላታለች፤ ስለእሷ ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም ራሷ ልብስ ሰፊዋ ናት። ለእኔ ሰላምታዋ ገና አልመጣም፤ አልቸኩልባትም።

እኔ የደረስኩበት የዳቦ ሰልፍ አንድ ብቻ ነው፤ ወሬው የሄደበትን ሰፈር ሁሉ አላዳርሰውም። እናንተ ግን ይህን አንብባችኋል። ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ያለችው ጸሐፊ የሰው ምስጢር ታወጣለች የሚል ሰው ድንገት ቢገጥማችሁ፣ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ያነበበችውም የተናገረችውም አማቷ ናት በሉልኝ።